ሰዓደት የሌለችበት የቲቢ ካርታ

ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.
ለሳንባ በሽታዎች ምርምር ማስተባበሪያ ተቋም
ለክቡር ዳይሬክተሩ

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣ ከነባልደረቦችዎና ከነኮምፒውተሮችዎ እንደምን ከረሙ? እኛ የእህል በረንዳ ሰዎች፣ ከሚያስሉት በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ የጤፍ ነጋዴና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት በተቋምዎ ዐውደ ጥናት ላይ «የማኅበረሰብ ተወካይ» የሚል ወረቀት ደረቴ ላይ ተሰክቶልኝ ከኋላ ወንበር መቀመጤን ያስታውሱ ይሆናል። በከተማችን ስለ ቲቢ የተጻፉ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥናቶችን ሰብስበው፣ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደጻፈ በነጥብና በመስመር ያሳዩበትን ካርታ በአድናቆት ተመልክቻለሁ። ከነጥቦቹ ሁሉ ትልቁ እርስዎ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት። ቲቢ በእህል በረንዳ እንደሚበዛም ነግረውናል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ይሁንና በታላቅ ትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ወደ በረንዳችን የመጡት ሦስት የምርምር ቡድኖች በካርታው ላይ አንዲት መስመር እንኳ እንደማታገናኛቸው እርስዎ ደርሰውበት፣ ምክንያቱን ለማወቅ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለዋል። ድካምዎን ላቅልልዎ። ሦስቱም እህል አበጥራ ከምታድረው ታናሽ እህቴ ከሰዓደት፣ በየተራ፣ በባዶ ሆድ አክታ ተቀብለዋል፤ አንዱ ግን ሌላውን አልጠየቀም። በእኛ እድር አባል ሁለት ቀን ከጠፋ በሦስተኛው ቀን ጠያቂ ይላክበታል፤ ጠያቂውም ያየውን ለዳኛው ሳይናገር ቤቱ አይገባም። ይህን የምንሠራው ያለ ኮምፒውተር ስለሆነ ይቅርታዎን እንለምናለን።

፪. ሁለተኛው ቡድን ውጤቷን በሁለት ሳምንት እንደሚያመጣ ቃል ገብቶ ነበር። እነሆ አሥር ወር ሆነው። ሰዓደት ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የተለመደውን መድኃኒት አንድም ቀን ሳታጓድል ብትውጥም ሳሏ አልለቀቃትም። የአራት ዓመት ልጇ ሪሃና እኔ ዘንድ ነው የምታድረው፤ እናቷን የምታያት ከደጅ ቆማ ነው። ክቡርነትዎ፣ ይህን የምጽፈው ከአክብሮት ብዛት አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

፫. በዐውደ ጥናቱ ላይ ብዙ መስመር የተሳበበትን፣ የውጭ ሊቃውንት ሳይቀሩ የጠቀሱትን የዚሁኑ የሁለተኛውን ቡድን ጥናት አባዝታችሁ አድላችሁን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ ሱሀይር ስታነበው፣ ሠንጠረዥ ሦስት ላይ እንዲህ የሚል አገኘች፦ ሴት፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ እህል አበጣሪ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ። አክታ ከሰጡት አበጣሪዎች መካከል የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ሰዓደት ብቻ ናት። በሽታዋን ዓለም ካወቀ በኋላ እኛ ሰማን ማለት ነው። ያ ሁሉ የዋጠችው ኪኒን ለእርሷ የማይሠራ ነበር።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ሆስፒታል ብንሮጥ፣ ሐኪሙ በሠንጠረዥ መድኃኒት መጀመር እንደማይችል፣ ስሟና ማኅተም ያለበት የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚያስፈልግ ነገረን። አዲሱ ምርመራ ሁለት ወር ይፈጃል። ቡድኑ ደግሞ ፕሮጀክቱ አልቆ ተበትኗል፤ መዝገቡ ያለው በእርስዎ ተቋም ነው። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ በጽሑፍ አመልክት ተብያለሁ። ይኸው አመለከትኩ። የምለምነው አንድ ገጽ ነው፤ ለዚህች ገጽ ተባባሪ ጸሐፊ አያስፈልግም።

ነጥብዎ ከዚህም በላይ እንዲሰፋ እየተመኘሁ፣ በካርታዎ ላይ ቦታ ያላገኘሁት ትሑት አገልጋይዎ፣

ባህረዲን ሽኩር
ከእህል በረንዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በታደለን ጥናት መጨረሻ ገጽ ላይ አክታ ለሰጡ ሁሉ ጥልቅ ምስጋና መቅረቡን ለሰዓደት አንብቤላት፣ ምስጋናውን በአክብሮት ተቀብላለች። ስለ አወሳሰዱ ግን የተጻፈ ስላጣን፣ ከምግብ በፊት ይሁን ከምግብ በኋላ እንዲያስረዱን ትጠይቃለች።