የደሚቱን ነገር አታንሳብኝ

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሰኔ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ በከር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአፋር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። አማል ሁለት ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ የእናትህም ጉልበት ሻል ብሎላቸዋል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የሥራ ጓደኛህ ሾፌሩ ሁመድ ነው። በስልክ አትነግሪኝም ነበር ወይ ብትል፣ ስልክ ሳነሳ እናትህ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ደግሞም ተናድጃለሁ፣ ደውዬ ልሳደብ አልፈልግም።

የተናደድኩት በአንተ ነው። ማክሰኞ ሎጊያ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠህ ደሚቱን በቴሌቪዥን አየሃትና ደወልክልኝ። «ይቺ አብራሽ ትሠራ የነበረችው ልጅ አይደለችም እንዴ? ወይ ጉድ! ሴት ማለት እሷ!» አልከኝ። እሺ ብዬ ሰማሁ። ቀጥለህ ድፍረቷን፣ ከዚያ አነጋገሯን፣ ነጠላዋን እንኳ ሳይቀር አሞገስክ። ነጠላዋ ምን አደረገህ? ከተጋባን ጀምሮ የእኔን ሻሽ አይተህ ታውቃለህ? ቀናሁ፤ አዎ፣ ቀናሁ! ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን ስነጫነጭ እናትህ «ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

የቅናቴን ሥር ግን አታውቀውም። ደሚቱ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የተናገረችው የወሊድ ፈቃድ ወደ አራት ወር ከፍ እንዲል በቀረበው ረቂቅ አዋጅ ላይ ነው። እዚያ «አንዲት ባልደረባዬ» እያለች ያወራችላት ሴት እኔ ነኝ።

ሥራውን አማልን ላሳድግ ብዬ በፈቃዴ ተውኩት ያልኩህ ውሸት ነው፤ እናትህም መንገድ ላይ ያለ ሰው አይረበሽ ብለው አልነገሩህም። ሕጉ ከወለድኩ በኋላ ሁለት ወር ይሰጠኝ ነበር። የስፌት ድርጅቱ ባለቤት ግን ገና አርባዬ ሲወጣ ደወለ። «አርባሽ ወጣ አይደል? አራስነት በእናንተ በሙስሊሞቹስ ደንብ አርባ ቀን አይደል እንዴ?» አለኝ። እኔም ደንቡም ሕጉም አንድ መስሎኝ ሄድኩ፤ እናትህም አርባ ካለፈማ ምን አለበት አሉ። በሳምንቱ ለሆቴል በምንሰፋው ነጭ ጨርቅ ላይ ጡቴ ፈሰሰ። ሰውየው ጨርቁን አንስቶ ለሠራተኛው ሁሉ አሳየ። አፍሬ የቀረኝን ፈቃድ ልጨርስ ብለው፣ በዚያው ውጪ አለኝ።

እከሳለሁ ስል ሽማግሌ ላከ። አጎትህ ሐጂ ጃፋርና ጎረቤታችን አቶ ሀብተሥላሴ በዚያ ፀሐይ በራፋችን ላይ ቆመው «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ። እናትህ «ሽማግሌ ቆሞ ይመለሳል እንዴ?» እያሉ ጎሸም አደረጉኝ። እሺ አልኩ፤ ተቀመጡ። እነሱም እኔም እርቅ መስሎን ነበር። በማግስቱ ድርጅቱ ቢሮ ጠርተው ወረቀት ሰጡኝ፤ የሦስት ወር ደሞዝ ተቀብዬ የደረሰብኝን ለማንም ላልናገር። ጸሐፊዋን «ለባሌስ?» አልኳት። «ለማንም ማለት ለማንም ነው» ብላ ሳቀች። ቃሌን ለሽማግሌ ሰጥቼ ነበርና ፈረምኩ።

ደሚቱም ስለ እኔ ስትሟገት ተባረረች፤ እሷ ግን አልፈረመችም። ከወለጋ ብቻዋን መጥታ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሽማግሌ ይላክ ቢባል ማን ዘንድ ይላካል? አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በከር፣ እናትህን፣ አጎትህን፣ ይህን ሁሉ ሰው በዙሪያዬ ይዤ ዘመድ አልባ በመሆኗ ቀናሁባት።

አንዲት የምክር ቤት አባል «ይህ የደረሰባት ሴት ለምን ራሷ አልመጣችም?» ብለው ሲጠይቋት አንተም ሳታየው አትቀርም። ደሚቱ «ላትናገር ፈርማለችና መምጣት አትችልም» ስትል፣ ሴትዮዋ ወደ ሰብሳቢው ዞረው «ፈቃዱን አራት ወር ብናደርገውስ፣ የተነፈገችው ሴት አፏ ከታሰረ ከማን እንሰማለን? እንዲህ ያለው ውልም ይታይ» አሉ። ይሄኔ ደሚቱ አለቀሰች። የእኔን እንባ! ጡቴ የፈሰሰው እኔ፣ የተዋረድኩት እኔ፣ የተጨበጨበላት እሷ።

ኮሚቴው ሐሙስ እንደገና ይሰበሰባል፤ የተበደለችዋ ሴት ራሷ ብትገኝ ጥሩ ነው ብለዋል። ደሚቱ ቤት ድረስ መጥታ «ሚስርዬ፣ የራስሽን ራስሽ ተናገሪ፤ እኔ ያየሁትን ነው እንጂ የተሰማሽን ከየት አመጣዋለሁ?» አለችኝ። ደግ ናት። ደግነቷም ያናድደኛል።

እሄዳለሁ። ሊከሱኝ ይችላሉ፤ ገንዘቡን መልሺ ቢሉኝ ደግሞ ለቤት ኪራይ አልቋል። ሐጂ ጃፋርም ቃልሽን አጠፍሽ ብለው ዳግመኛ ቤታችሁን አልረግጥም እንዳይሉ እፈራለሁ። ለሕጉ ብዬ ነው ብልህ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌላ ሴት የእኔን ጉዳት ስታወራ ሁለተኛ ቁጭ ብዬ መስማት ስለማልችል ነው።

ማክሰኞ ስልኩን ከመዝጋትህ በፊት ስለዚያች ባልደረባ «ለመሆኑ ባል የላትም? የት ሄዶ ነው?» ብለህ ነበር። እናትህ አጠገቤ ስለነበሩ ወሬውን ወደ አማል ጥርስ አዞርኩት። ሐሙስ ያንኑ ቢጠይቁኝ ግን ባሌ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፣ አልነገርኩትም፣ ቢሰማ ኖሮ መኪናውን አቁሞ ይመጣ ነበር እላለሁ።

ትመጣ ነበር፣ አይደል?

አላህ ከመንገዱ ክፉ ይሰውርህ፤ ፍሬንህን ሳታስፈትሽ ቁልቁለት አትጀምር። አማል ትስምሃለች።

ሚስትህ
ሚስራ