ባሕር ያላየን ሰዎች ስለ ባሕር ስንጣላ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ከምሳ በፊት ሰባት መልእክት ሰረዝኩ። ሁለቱ እናት የሚሰድቡ። አንዱ የሰው ፊት በአህያ ላይ የተለጠፈበት ሥዕል። የቀሩት ያው፦ ሌባ፣ ምቀኛ፣ ሌባ፣ ምቀኛ። በዕረፍት ሰዓት፣ በመምህራን ክፍል መስኮት ሥር ቆሜ። ት/ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው።

ደብተሬ፣ ጠቡ ስለ ጉዞው ነው። የንፋስ መውጫ ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «ጉዞው» ብቻ ይለዋል። ከፍለሽ አባል ትሆኛለሽ። አባል ከሆንሽ አውሮፕላኑም ሆቴሉም በቅናሽ ነው ይሉሻል። ሁለት ሰው ካስገባሽ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ካስገቡ፣ አንቺ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ግማሹ ሰው ዕድል ነው ይላል። ግማሹ ማጭበርበር ነው ይላል። ሁለቱም የሚጣሉት እኔ አድሚን በሆንኩበት ግሩፕ ላይ ነው። ግሩፑን የከፈትኩት እኮ መንገድ ሲዘጋ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ከብት ሲጠፋ የጋይንትም የስማዳም የእስቴም ሰው እንዲሰማ ነበር።

10ኛ «ለ» ውስጥ የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ በጠመኔ ሳልኩ። አንዲት ተማሪ፣ ቲቸር ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ? አለችኝ። ጣናን አልኳት። ጣና ሐይቅ ነው አለችኝ። ልክ ናት። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ውጭ ጉም። ሜዳው ጠፍቷል፤ ከነጩ ውስጥ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ።

ከት/ቤት ስወጣ የሺ ጋ ገባሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ጉዞውን እዚህ አገር ያመጣችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ግድግዳዋ ላይ ትልቅ የባሕር ፎቶ አለ። ሰማያዊ፣ ከዚያ የበለጠ ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጭ አሸዋ። እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አያለሁ። የስፌቱ ድምፅ ረጅም፣ አንድ ዓይነት። አንዳንዴ ማዕበል እንዲህ ይሆን ይሆናል እላለሁ።

አሁን ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን ልንገርሽ። መስከረም ላይ ከየሺ ሥር ተመዝግቤአለሁ። ከሷ በቀር ማንም አያውቅም። ማንንም አላስገባሁም፤ ማስገባትም አላሰብኩም። ባሕሩን ፈልጌ ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ ባዶ እግሬን፣ ውሃው ጫፍ ላይ። ይኸው ነው።

እና በግሩፑ ላይ ዳኛ ነኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ።

ዳዊት ደግሞ ጻፈ። ከስማዳ፣ የወገዳ ልጅ ነው፤ ስልክ ይጠግናል። ፊቱን አይቼ አላውቅም። ሲጽፍ ግን ያስቀናል፤ አረፍተ ነገሩ እንደ ምላጭ ነው። አምና እናቱ በሬያቸውን ሸጠው ጉዞው ውስጥ ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ አልተኛም።

ዛሬ የየሺን ፎቶ ለጠፈ። ፊቷ ላይ በቀይ፦ ሌባ። ሥሩ ደግሞ፦ አንቺ ሌባ፣ የድሃ በሬ የበላሽ። በደቂቃ ውስጥ አጠፋሁት። ሁለት ሳምንት እንዳይጽፍ አገድኩት። የግሩፑን ሕግ ላኩለት፦ ስለ ነገሩ እንጂ ስለ ሰው አይጻፍም።

በግል መለሰልኝ። ሕጉ ጥሩ ነው አለ። ግን ይህን ያህል የፈጠንሽው ጓደኛሽ ስለሆነች ነው ወይ? አለ።

 ከሰዓቱን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ዋልኩ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያነሳዋል፣ ያስቀምጠዋል። ቤቱ መልሕቅ ላይ ያለ ይመስላል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ።

መጥፎ ቀን። በኔ ምክንያት መጥፎ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጉዞውን ከሚደግፉት አንዱ በዳዊት እናት ቀለደ። «በሬዋን ሸጣ በአውሮፕላን ልትሄድ የተነሳች ባልቴት» አለ። ሌላው እናትየው ሻንጣ ተሸክማ ደመና ላይ ስትራመድ ሠርቶ ለጠፈ። ሳቅ በሳቅ። አየሁት። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አየሁት፣ በዕረፍትም አየሁት። ያጠፋሁት 8 ሰዓት ላይ ነው።

ጋሽ ሞላ ከአርብ ገበያ ከተማ ደወሉ። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ግሩፑ ላይ አንድም ቃል ጽፈው አያውቁም፤ ያነባሉ ብቻ።

«ሰናይት፣ የልጁን ወዲያው አጠፋሽ።»

«አዎ ጋሼ።»

«የእናቱን ስድብ ግን እስከ ከሰዓት አቆየሽው።»

«ኔትወርክ አልነበረም ጋሼ።»

 በስልኩ ውስጥ የሚወቃ እህልና በሬ የሚነዳ ሰው ይሰማል።

«እሺ ልጄ» አሉ። ዘጉት።

አራተኛ ክፍል እያለሁም የቤት ሥራ ሳልሠራ ስዋሽ እንዲህ ነበር የሚሉኝ። እሺ ልጄ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል።

ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ። ባሕሩ በጉና ተራራ በኩል ወጣ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ። አውድማዎቹ ደሴት ሆኑ፤ በየደሴቱ ገብስ ተከምሮ ሰዎች ከላዩ ተቀምጠዋል። ሁሉም የሚያወሩ ይመስለኛል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ በጠመኔ መስመር እሠራለሁ። ውሃው ያጠፋዋል። ደግሞ እሠራለሁ። አልደከመኝም። ደስ ይል ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሺ ጋ ጎራ አልኩ። በዓል ቢሆንም ለሙሽራ የተቀጠረ ልብስ ልታስረክብ ከፍታለች። ያኔ አንድ ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጃኬቱ እስከ ትከሻው አቧራ። ቆቡን በእጁ ይዟል።

«የ... የሺ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ግባ።»

«ዳ... ዳዊት እባላለሁ። ከወገዳ።»

የሺ ቀጥ አለች። እኔም ብድግ አልኩ። ስለ ምን ልጮህ እንደተዘጋጀሁ አላውቅም። እሱ ግን አልገባም፤ ደፉ ላይ እንደቆመ ነው። ይንተባተባል። ያ ሁሉ እንደ ምላጭ የሆነ ጽሑፍ፣ አፉ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ቃል ይታገለዋል። አንገቱ ይቀላል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጀምራል። በጽሑፍ «አንቺ ሌባ» ያላትን ሴት በአፉ «እርስዎ» ይላታል።

«ስድብ ል... ልመልስ አልመጣሁም። እናቴ ልካኝ ነው። ጠ... ጠይቅልኝ ብላ።»

«ምን?» አለች የሺ።

«ኢ... ኢየሩሳሌም መቼ ነው የምንሄደው?»

የስፌት መኪናው ላይ የነበረው የየሺ እጅ ወደ ጭኗ ወረደ።

ቀስ እያለ ነገረን። እናቱ የገቡት እሱ እንዳሰበው ለትርፍ አልነበረም። ሰው ማስገባት የሚባለውን ከነጭራሹ አልሰሙትም። አርብ ገበያ ላይ የሺ የሩቅ አገር ፎቶ ስታሳያቸው የገባቸው አንድ ነገር ነው፦ በቅናሽ ተሳልመው ይመለሳሉ። ነጠላቸውን አጥበው፣ አጥፈው፣ ሣጥን ውስጥ አኑረዋል። ዓመት ሊሞላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ አድርሱልን ብሏቸው፣ እሺ ብለው ተቀብለዋል።

«ከ... ከርስዎ በላይ ካሉት ሰዎች የሄደ አለ? አንድ። የሚያውቁት።»

የሺ የምትለውን አውቃለሁ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሥርዓት አለው፣ መጀመሪያ ቡድንህን ገንባ። ጠበቅኩ።

«የለም» አለች።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ። ለኔም ጎንበስ አለልኝ። አድሚኗ መሆኔን ያወቀ ይመስለኛል። ሄደ።

ኅዳር 14፣ እሑድ። የጾም ዋዜማ።

የሺ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችም። ዛሬ ራሷ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፎቶዎቹን ከላይ ያሉት እንደላኩላት ነገረችኝ። አውቃለሁ አልኳት። የማታውቂው ግን አለ አለች።

«ሰኒ፣ ለሰው ስነግር ስነግር፣ አሸዋው እግሬን ሲያቃጥለኝ ትዝ ይለኛል። የጨው ሽታው ሁሉ። ሄጄ አላውቅም እኮ! ግን ትዝ ይለኛል።»

አልሳቅኩም። እኔስ? በየቀኑ በጠመኔ የምስለውን ዳርቻ ቆሜበት የማውቅ አይመስለኝም?

ግሩፑ ላይ ምንም እንዳትጽፊ አለችኝ። ስላንቺ አልጽፍም አልኳት። ስለራሴ ግን እጽፋለሁ። ተቆጣች። በሩን ሳትዘጋው ወጣች። ጉሙ ገባ። ቤቱ ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ አየሁት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት።

አደረግኩት።

መጀመሪያ ለጋሽ ሞላ ደወልኩ። ኔትወርክ ነበር ጋሼ፣ ዋሽቼዎት ነው አልኳቸው። ሳቁ። አውቃለሁ፣ አንቺ ስትዋሺ ቶሎ ነው የምትመልሽው አሉ። አድሚንነቱን ይረከቡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ብቻቸውን እንደማይሆን ነገሩኝ፤ ከሚደግፉትም አንድ ሰው ይጨመር። ያለ ሁለቱ ስምምነት ምንም አይጠፋም።

ለእስቴው ነጋዴ ለአቶ ሰይድ ደወልኩ። ጉዞውን ከሚደግፉት ሁሉ ማንንም ሰድበው የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ አምኜ ገብቻለሁ፣ አሁንም አምናለሁ አሉኝ። «ግን ሰው ተሰድቦ አምኖ አያውቅም። ይሁን፣ እሠራዋለሁ።»

ከዚያ ጻፍኩ። አጭር። ከመስከረም ጀምሮ አባል ነኝ። ይህን ሳልናገር ዳኛ ሆኜ ቆየሁ። የአንዱን ስድብ በደቂቃ፣ የሌላውን በስድስት ሰዓት አጠፋሁ። የዳዊትን እናት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዳዊት ከዛሬ ጀምሮ መጻፍ ይችላል።

ላክሁት። መስኮቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ተማሪዎች ወጥተዋል። ሜዳው ላይ አንድ በቅሎ ብቻ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ።

ተሰደብኩ። በደንብ። አንዱ ባል ስታጣ ባሕር ፈለገች አለ። ጣቴ ሊሰርዘው ሄደ። አድሚንነቱን ስለለቀቅኩ መሰረዣው የለም። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በሰው ሲደርስ እንዲህ ሙሉውን አንብቤ አላውቅም ነበር፤ መጀመሪያውን አይቼ ማጥፋት ነበር ሥራዬ። ሙሉው ሌላ ነገር ነው።  ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ሞላና አቶ ሰይድ ተስማምተው አጠፉት።

አንድ ጥያቄ ግን አላጠፉትም፦ ስንት ሰው አስገባሽ? ማንንም ብዬ መለስኩ። ዝም ስላልሽስ ስንት ሰው ገባ? ብሎ ደገመኝ። ይኸኛውን አላውቀውም። አላውቅም ብዬ ጻፍኩ።

ዳዊት ማታ ሳይደርስ ብቅ አለ። ለየሺ ፎቶ ይቅርታ ጠየቀ። በ«እርስዎ»። እናቱ አዘውት ሳይሆን በራሱ እንደሆነ ጽፏል። ጥያቄውን ግን አልተወውም፦ የሄደ ሰው ካለ ይንገረን፣ አንሰድበውም፣ መንገዱን እንጠይቀዋለን።

 ከዚያ አቶ ሰይድ፦ እኔም የሄደ አላውቅም፤ ከላይ ያሉትን ጠይቄ እመጣለሁ። ከዚያ አንዲት የአርብ ገበያ ሴት፦ እኔም አላውቅም። ከዚያ ሌላ። አላውቅም። አላውቅም። አንዱ ብቻ፣ ትዕግሥት አድርጉ፣ ዕድላችንን አትዝጉብን አለ። እሱንም ማንም አልሰደበው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።

ትናንት የሺ መልእክት ሰደደች። ቃል በቃል፦ ወገዳ እሄዳለሁ፣ ትመጫለሽ?

ለእናትየው ራሷ ልትነግራቸው ነው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ፣ ያስገባቻቸው ቤት ሁሉ፣ በየተራ። ምን ልትያቸው ነው አልኳት። አላውቅም አለች። መጀመሪያ አልሄድኩም እላቸዋለሁ፣ ያሳየሁዎት ፎቶ የኔ አይደለም፣ ከላይ የላኩልኝ ነው። ከዚያ እሳቸው ያሉኝን እሰማለሁ። ቢረግሙኝም ተቀምጬ እሰማለሁ።

መናኸሪያው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ፤ ጉልበቴ ላይ። ብርድ። ረዳቱ ወገዳ፣ ወገዳ ይላል። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ይለሰልሳል። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ውቅያኖሶችን ሁሉ ለተማሪ ሳሳይ ስንት ዓመቴ፤ ወገዳን ግን አይቼው አላውቅም። መንገዱ አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ከቁልቁለቱ በኋላ አገሩ ምን እንደሚመስል የሺን ጠየቅኳት፤ ፈጥሬ እንዳልነግርሽ አለችኝ፣ ስትደርሺ ታይዋለሽ።

ጠሩን። የሺ በመስኮት በኩል ቦታ ይዛልኛለች፣ እየጠራችኝ ነው።