በሁዳዴ የነጠፈ ጡት

ሞላሌ ዙሪያ
መጋቢት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ እናቴ ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ

የገዳሙ ብርድና ስግደቱ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ይሆን? እኛ አለን። በልጉ ገና አልያዘም፤ ባለቤቴ በኃይሉ ሰማይ ሲያይ ይውላል። በጎቹ ደህና ናቸው። የልጅ ልጅዎ ፅዮን በሕይወት አለች። «ደህና ናት» ብዬ ለመጻፍ ትንሽ ቀን ይቀረኛል።

እናንተ ጋ ስልክ ስለማይገባ ይህን ደብዳቤ ወደ ገዳሙ በሚመጣው ዲያቆን እጅ ልኬዋለሁ። ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እኛ ቤት ገብቶ ነበር። ገና ከደጃፉ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ አየሁት። ቅቤ ሸቶት ነው። ንፍሮ ቀምሶ ተነሣ። እሱ ከሚነግርዎ እኔ ልንገርዎ። ሁዳዴን ፈትቻለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሊመንኑ ሲነሡ እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከበሩ ላይ ተመልሰው፣ ቀሚስዎን ከደረትዎ ገለጥ አድርገው ጡትዎን ያዙ። «ባጠባሁሽ ጡት ይዤሻለሁ። ሁዳዴን እንዳትፈቺ። የመጀመሪያውን በምን እንዳጣነው ታውቂያለሽ» አሉኝ። የመጀመሪያው ልጄ በሆዴ ሳለ በጾም ታምሜ እንቁላል በልቻለሁ፤ እርስዎ ያንን አልረሱትም። እሺ አልኩ። እናት ጡቷን ይዛ ስትለምን እምቢ ያለ ልጅ በአገራችን አላየሁም።

ፅዮን በኅዳር ስትወለድ ወተቴ ልብሴን አልፎ መደቡን ያርስ ነበር። አራስ ነሽ ተብዬ የገናን ጾም አልጾምኩም። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሣች፤ ወዲያው ሁዳዴ ገባ። እህልም ውሃም ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ጀመርኩ። ቀን ቀን ለባና፣ ለብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፤ እሷ መደቡ ላይ ታለቅሳለች። ጡቴ እየላላ ሲሄድ ከሞላሌ ገበያ ጡጦ ገዛሁና የላም ወተት በውሃ አቅጥኜ ሰጠኋት። ጡጦውን ስትለምድ ጡቴን ተወችው። እሷ ስትተወው ወተቱም ተወኝ።

ማታ ማታ አብሽ ጠጣሁ። ተልባ ጠጣሁ። ጎረቤት ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። አብሹ ላቤን አገማው እንጂ ጠብታ አልጨመረልኝም። የላኩልኝን እምነትም ደረቴን ተቀባሁት። የፅዮን ጨርቅ ደርቆ መዋል ሲጀምር ጤና ኬላ ወሰድኳት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የምሥራች፣ ሚዛኑ ላይ ሰቀለቻት፤ አወረደቻት፤ እንደገና ሰቀለቻት።

«ቀንሳለች» አለችኝ። «ውሃ ትጠጫለሽ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

«መቼ መቼ ነው የምታጠቢያት?»

«ስታለቅስ።»

«እስቲ እያት። አሁን የማልቀስ አቅም አላት?»

ከጡጦው በፊት ሁልጊዜ ጡት እንድትይዝ፣ ቀንም ሌትም እንድትጠባ፣ ጡጦውን ቀስ እያልኩ እንዳስቀር፣ እንድበላ፣ እንድጠጣ ነገረችኝ። በሳምንቱ ካልጨመረች መሐል ሜዳ ሆስፒታል ትሄዳለች አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። በነጋታው ጾምኩ።

አማቴን እታገኝን ያውቋቸዋል፤ ነገር አያበዙም። አንድ ቀን እኔ ስፈትል፣ በኃይሉ ጫማውን ሲያወልቅ፣ እሳቸው ልጅቷን ታቅፈው ቆዩና፦

«በኃይሉ፣ ያቺ ግንባረ ቦቃዋ በግ አምና ስትነጥፍ ምን አደረግናት?»

«ከግልገሏ ጋር ለብቻዋ ዘጋንባት።»

«ምን አበላናት?»

«ገብስ ነዋ።»

«ውሃስ?»

«እንደ ልቧ።»

«ታዲያ ሚስትህ ከበግ አነሰች?»

«እንዴ እማ! በጓ ሁዳዴ አትጾምማ!» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

«ይህችንስ ማን ጹሚ አላት? የምታጠባ ሴት አይደለችም ወይ?» አሉ አማቴ፣ ወደ እኔ ዞረው። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ጡትዎን ይዘው እንደለመኑኝ እስከዚያ ቀን ለበኃይሉም አልነገርኩትም ነበር። እንዝርቱን ከእጄ ወሰዱት። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና የነፍስ አባታችንን መምሬ አትናቴዎስን ይዘው መጡ።

መምሬ ከቅዳሴ መምጣታቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። ልጅቷን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እኔም ጉሮሮዬ ደርቋል» አሉኝ። «እኔ ግን የማጠባው የለኝም። የመነኑት እናትሽ ናቸው፤ አንቺ መቼ መነንሽ? ነገ ሳይሆን ዛሬ ትበያለሽ።»

«የእናቴስ ቃል፣ አባ?»

መስቀላቸውን አገላበጡ።

«ጾሙን ፈታሁልሽ። የጡቱን ቃል ግን እኔ አላሰርኩትም። ያሰሩት እማሆይ ይፍቱት። ጻፊላቸው።»

ከዚያ ወዲህ እንደ በጓ ተዘግቶብኛል። ጓዳ ውስጥ ባና ለብሰን፣ ልጅቷ ራቁቷን ደረቴ ላይ፣ ሥራዬ ማጥባት ብቻ ሆነ። አማቴ አጥሚት በወተት፣ ገንፎ በቅቤ ያመጣሉ፤ ለብ ያለ ውሃ በማሰሮ ራስጌዬ ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልነበረም። ባዶውን ትስባለች፣ ትቆጣለች፣ ትለቀዋለች። ጫፉ ቆስሎ ጥርሴን እነክሳለሁ። «የለም እኮ፣ ምን ልትጠባ ነው?» ስላቸው፣ «አንቺ ያዥላት። መለመን የእሷ ሥራ ነው» ይሉኛል። ጡጦውን እሳቸው ናቸው የሚይዙት፤ ከጡት በኋላ ይሰጧታል፤ በየቀኑ እየቀነሱ። አጥሚቱን ስጠጣ እርስዎ በሩ ላይ የቆሙ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አስመልሶኛል። እሳቸው ጠርገው ሌላ ቀድተው አመጡ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስትውጥ ሰማሁ። መሳቧን አይደለም የምልዎ፤ መዋጧን። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። ትስባለች፣ ትውጣለች፣ ታርፋለች፤ ደግሞ ትስባለች። አማቴን ልጠራ ፈልጌ እንዳትደነግጥብኝ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ጨርቋ ርሶ ተገኘ። አማቴ ጨመቁት፤ አሸተቱት፤ ወስደው ከውጭ አጥሩ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ አሰጡት።

«ቅቤ ሸተተን ያለ ሁሉ ይህንንም ያሽት» አሉ።

መንደሩ ያማኛል፤ ይህንንም ዲያቆኑ ሳይሰማ አልቀረም። የምሥራች ትናንት መጥታ መዘነቻት። ጨምራለች፤ ጥቂት ናት። «መሐል ሜዳው ይቆይ፤ አንቺ ግን እንዳትነሺ» ብላኛለች። የግራ ጡቴ አሁንም ሰነፍ ነው። ጡጦውም ጨርሶ አልቀረም። ደክሞኛል፣ እማሆይ። ሌሊቱም ቀኑም አንድ ሆኖብኛል።

በተኛሁበት አንድ ነገር አሰብኩ። «እኔ አንቺን ሁዳዴን ጾሜ ነው ያሳደግሁሽ» ይሉኝ ነበር፤ እውነትዎን ነው። እኔ ግን የተወለድኩት በነሐሴ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ገንፎ መላስ ጀምሬ ነበር። ፅዮን ከእኔ ሌላ የምትልሰው የላትም። ያ የመጀመሪያውም ቢሆን በአንድ እንቁላል የሄደ አይመስለኝም። ለእርስዎም ሸክም እንዳይሆንብዎ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እንግዲህ ይፍቱኝ። ዲያቆኑ ለፋሲካ ስለሚመለስ «ፈትቻታለሁ» የሚለውን ብቻ በቃሉ ይላኩልኝ፤ ሌላ መጻፍ አያስፈልግዎም። ባይፈቱኝም አጥሚቱን እጠጣለሁ። ይህን የምልዎ ለድፍረት አይደለም፤ ኋላ እንዳልዋሽዎ ነው። በፍርሃት እጠጣዋለሁ፤ ከፈቱኝ ግን ሳልፈራ እጠጣዋለሁ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ፅዮን አድጋ እምቢ የምትለኝ ቀን ይመጣል። ሲመጣ እቆጣት ይሆናል፤ አለቅስባት ይሆናል። ጡቴን ይዤ ግን አልለምናትም። ይህን ቃል ለራሴ ገብቻለሁ፤ የአጥሚቱ ዋጋ ይህ ይሁን ብዬ።

ጠጉሩን ለማን ትፈትይ ነበር ብለው እንዳይጠይቁኝ አስቀድሜ ልንገርዎ። ባናው ለእርስዎ ነበር። የገዳሙ ድንጋይ ይበርዳል ብዬ ለፋሲካ ላደርስልዎ ነበር። አላለቀም። እንዝርቱ አማቴ ጋ ነው፤ «ልጅቷ ስትወፍር ትወስጂዋለሽ» ብለውኛል። እስከዚያ የበኃይሉን አሮጌ ባና ልኬልዎታለሁ። አንድ ጥጉ ላይ የበግ ጥርስ ያረፈበት ቀዳዳ አለ፤ በእግርዎ በኩል ያድርጉት።

ጸሎትዎ አይለየን። የቆሙበትን መሬት ለጉልበትዎ ያለዝብልዎ፤ ትንሣኤውን ለእርስዎም ለእኛም በጤና ያድርሰን። በጸሎትዎ መካከል የፅዮንን ስም አንድ ጊዜ ያንሡልኝ፤ የክርስትና ስሟ አመተሥላሴ ነው።

ነቅታለች። ወተቱ እስካነሣት አልጠበቀም፤ ድምፅዋን ሲሰማ ልብሴን አርሶታል። የግራውም።

ልጅዎ
እስከዳር