ጀልባዋን ነድቼ የሞላሁት ባትሪ

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን
ወደቡ ላይ፣ ጀልባችን ውስጥ

ለልጄ፣ ለቤታችን ነርስ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንዳትደነግጪ። ጀልባችን አንድ ክፍል ናት፤ አባትሽ የማይሰማው ወሬ የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ ልኮራ ነው። ቢሰማኝ «ደግሞ ጀመረሽ» ይለኛል።

ስትሸኚን ያልሽውን አልረሳሁም። «የአባዬ የኦክስጅን ማሽን በባትሪ ምክንያት አንዲት ጊዜ ከቆመ፣ ጀልባዋን ሸጣችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ።» ቃል ገባንልሽ። አባትሽማ ሳቀ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ኖሬ እኔን ስለ ባትሪ ልትመክረኝ!» ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓነል ዘርግቷል፤ ከኋላ የንፋስ መዘውር ተክሏል፤ የሞተሩ ዲናሞም አለ። አራተኛው «ዓሣው» ነው። በረጅም ገመድ ከኋላችን ውሃ ውስጥ የምንጎትተው ተሽከርካሪ ነው፤ ጀልባዋ በሸራ ስትሄድ እየተሽከረከረ ገመዱን ያዞራል፣ ገመዱም ሌላ ዲናሞ። «አንዱ ቢተኛ ሌላው ይነሣል» ይል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተማክረው ተኙ። ኮረብታ ሥር መልሕቅ ጥለን ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ኮረብታው ንፋሱን ከለከለን፤ መዘውሩ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሞተሩን ስናስነሣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። መለዋወጫው ደግሞ ልኩ አይደለም።

«ይኼን ማን ገዛው?» አለ።

«አንተ።»

«እሺ፣ በቃ።»

ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ ስልኩንም አጠፋሁ፤ ያጣሽን ለዚያ ነው። የባትሪው መለኪያ ግን መውረዱን አላቆመም፤ ማታ ማታ ብቻ ያደርገው የነበረውን ማሽን አሁን ቀንም ስለሚያደርገው።

«ዓሣው አለ» አልኩ።

«ዓሣው ጀልባ ካልሄደ ምን ይሠራል?»

«እንሂዳ!»

«ማን ሊነዳ?»

የእኔ ሥራ እስከ ዛሬ የተቀደደ ሸራ መስፋት፣ ሳቢ ያለኝን ገመድ መሳብ፣ ከዚያ መቆጣት እንደነበረ ታውቂያለሽ።

«ልብስ ሰፊ ጀልባ ነዳች ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለኝ ከትራሱ ቀና ብሎ።

«ዛሬ ትሰማለህ!»

መልሕቁን በእጄ ጎትቼ አወጣሁ። ሸራው መጀመሪያ እንደ እርጥብ አንሶላ ተንጠለጠለ። ኮረብታውን እስክናልፍ ኤሊ ቀደመችን። ጀልባዋ ሁለቴ ወደ ዳርቻው ድንጋይ ወሰደችኝ፤ አባትሽ በተከፈተው መዝጊያ «ሲርገበገብ ሳቢው! ሳቢው እንጂ ምን ታይዋለሽ!» እያለ ይጮኻል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ያርፋል፣ ከዚያ ስድቡን ካቆመበት ይቀጥላል። ከኮረብታው ስንወጣ ንፋሱ ያዘን። ጀልባዋ ዘመም ብላ ፈጠነች። ዓሣውን ወረወርኩ። ገመዱ ትንሽ ዘገየ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ፤ ድምፁ እንደ ስፌት መኪናዬ ነበር።

«ገባ! እየገባ ነው!» አለ መለኪያውን ተኝቶ እያየ።

አልፈራሁም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ጣቶቼ መሪው ላይ ደርቀው ነበር። ግን ወደብ እስክንደርስ ሌላ ሰው መሪውን አልነካም። ማሽኑም አንዲት ጊዜ እንኳ አልቆመም። ቃላችንን ጠብቀናል።

ቺንጋውን ሊቀይር የመጣው መካኒክ ከኋላዬ እያየ «እናቴ፣ ካፒቴኑ የት አሉ?» አለኝ። አባትሽ ከውስጥ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ካፒቴኗማ ፊትህ ቆመዋል» አለው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ የምራመደው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ሳቂብኝ ከፈለግሽ።

አሁን ባትሪዎቹ ሙሉ ናቸው። ስለ እነሱ አታስቢ።

ፈቃድሽን ለክረምት አድርጌዋለሁ ብለሽ ነበር። የእኔን ነጂነት ለማየት ግን ክረምት ጥሩ አይደለም፤ ለአባትሽም ሩቅ ነው። አሁን ውሰጂው። አለቃሽ እንቢ ካለች ደግመሽ ጠይቂያት፣ አንቺ ማስረዳቱን ታውቂበታለሽ። ከዚህ ወደብ አንነቃነቅም። አባትሽን እናቴ ጠራችኝ እንዳትዪው፤ ናፍቄያችሁ መጣሁ በይው።

ያለ ዕንቅፋት፣ ያለ ቀጠሮ ያምጣሽ።

እናትሽ