ሰው ያለበት ቤት

መጋቢት 3
ሁለት ክፍል አሳየሁ፤ አንዱም አልተያዘም። አንዲት ነርስ ግድግዳውን አይታ፣ "ይሄ ምንድነው?" አለች። "ጥላ ነው" አልኳት። እርጥበት ነው። ደላላ ምን ይበል?

መጋቢት 5
አከራያችን መጡ። ኪራዩ እጥፍ ሆኗል፤ ካልተስማማን ወሩ ሲያልቅ ልንለቅ ነው።
"እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረን..."
"ገበያው ነው። አንተ ታውቀዋለህ።"
አውቀዋለሁ። ይህንኑ ለስንቱ ተከራይ ብያለሁ?... ልጄ፣ "ትምህርት ቤት ልቀይር ነው?" አለችኝ።

መጋቢት 9
የተከራዮች ስብሰባ ሄድኩ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቤት። "ደላላው ደግሞ ምን ሊያከራየን መጣ?" አለ አንድ ሾፌር። ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አፈረ።
የሚጠይቁት ሕግ ነው። ጭማሪው ልክ ይኑረው፣ ሰው ያለ ምክንያት አይባረር። ማመልከቻው ላይ ፈረምኩ። "ሕጉ እስኪወጣስ?" አልኩ።
"ሰው የተባረረበትን ቤት የምታሳዩት እናንተ አይደላችሁ?" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ባታሳዩስ?"

መጋቢት 10
ለደላሎቹ ነገርኳቸው። ሰው ተገፍቶ የሚወጣበትን ቤት አናሳይ፣ አልኩ። አብዛኞቹ እያጉረመረሙም ቢሆን እሺ አሉ። ምላጭ ግን፣ "አንተን ስለነካህ ነው" አለኝ። (ምላጭ የምንለው ደንበኛ ከሰው እጅ ስለሚነጥቅ ነው።) እውነቱን ነው... ባይነካኝ ትዝ ይለኝ ነበር?

መጋቢት 18
ባለቤቴ፣ "ካርቶን ላምጣ?" ትላለች። ቆይ እላታለሁ። ፈርቻለሁ።

መጋቢት 24
ጠዋት በር ተንኳኳ። እትዬ። ከኋላቸው ምላጭ፣ ከሱ ኋላ አዲስ ተጋቢዎች። ባለቤቴ የልጃችንን ፀጉር እየሠራች ነበር፤ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀረች።
ምላጭ እንደ ልማዱ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ። ልጄን አያት።
"ስንት ክፍል ነው?" አለ ሙሽራው።
"ይሄ ቤት ሰው አለበት" አለ ምላጭ።
"ይወጣሉ ብዬህ የለም እንዴ?" አሉት እትዬ።
"አሁን ግን ሰው አለበት፣ እትዬ። ሌላ ደላላ ይፈልጉ።"
ተጋቢዎቹን ይዞ ወጣ። በር ላይ ደርሼ እጁን ያዝኩት።
"ልቀቀኝ ባክህ" አለኝ። "እኔስ ተከራይ አይደለሁ?"
ለካ እሱም... ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንቆም አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

መጋቢት 30
ወሩ አለቀ፤ እዚሁ ነን። እትዬ የሚያሳይላቸው ደላላ አጥተው፣ "ለጊዜው በድሮው ኪራይ ቆዩ" አሉን። ለጊዜው ነው። ሕጉም ገና ነው።
ማታ ስብሰባ ነበር። አርፍጄ ስደርስ ቤቱ ሞልቷል፤ ሰው በሩ ድረስ ቆሟል። ምላጭ ከፊት ተቀምጧል። አጠገቡ ያለውን ወንበር በእጁ ይዞ፣ "ተይዟል፣ ተይዟል" እያለ ሰው ይመልሳል። ሲያየኝ እጁን ከወንበሩ ላይ አነሳ።