ከቱቦው ወጥቶ ወደ ሕፃኑ ስለገባው ልስላሴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሕክምና ዕቃዎች ግዥ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎ ጤና እንደ እኛ ለዕድል የተተወ ስላልሆነ ደህና መሆንዎን አልጠራጠርም። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራው እኔ ነርሷ ለሚከተሉት ውለታዎችዎ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ከስማዳ በቃሬዛ የመጣችው ውባለም በሰባት ወር የወለደችውን ወንድ ልጅ፣ እርስዎ በገዙልን ቱቦ በአፍንጫው በኩል የእናቱን ወተት ስንመግበው ሰነበትን። ሳስገባው ለስላሳ የነበረው ቱቦ በአምስተኛው ቀን ሳወጣው እንደ ገለባ ደርቆ ነበር። ውባለም በጣቷ ዳሰሰችውና «ሲስተር፣ ልስላሴው ወዴት ሄደ?» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ገበሬ በአንድ ዳሰሳ የጠየቀችውን እርስዎ በሁለት ዲግሪ ስላልጠየቁት እንዳይከፋዎ።

፪ኛ. ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመረው ኬሚካል ቅባት ወዳለው ወተት እየወጣ ሕፃኑ ውስጥ እንደሚገባ፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ወንዶች ደግሞ ለመራቢያ አካላቸው እንደሚያሰጋ፣ ይህ ኬሚካል የሌለባቸው የሲሊኮን ቱቦዎችም እንዳሉ ጠቅሼ ቀደም ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር። «ቱቦ ቱቦ ነው፤ እሷም ነርስ እንጂ ኬሚስት አይደለችም» ብለው በጸሐፊዎ በኩል መለሱልኝ። ሙያዬን ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. የውባለምን ልጅ ቱቦ ባወጣሁበት ዕለት የልጅ ልጅዎ ያለጊዜዋ ተወለደች። ከባሕር ዳር ያስመጡትን የሲሊኮን ቱቦ ራስዎ ይዘው መጥተው «ይሄን አድርጊላት፤ ያኛው ለሕፃን አይሆንም» ሲሉኝ ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ለካስ ደብዳቤዎቼን አንብበዋቸው ኖሯል። እሽጉ ውስጥ ሁለት ቱቦ ነበረ። አንዱን ለልጅ ልጅዎ፣ ሌላውን አጠገቧ ለተኛው ለውባለም ልጅ አደረግሁ። በማግስቱ «የግለሰብ ንብረት ያለፈቃድ በመጠቀም» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከቢሮዎ ደረሰኝ።

ሁለቱም ሕፃናት ክብደት ጨምረው ወደየቤታቸው ሄደዋል። በእነዚያ አምስት ቀናት ወደ ውባለም ልጅ የገባው ነገር ምን እንደሚያደርገው እኔም አላውቅም፤ ምናልባት ልጁ ሲጎረምስ ያውቀው ይሆናል። ያን ጊዜ እርስዎ በክብር ጡረታ ላይ ነዎት።

ለእኛ የገዙልን ዕቃ በሰውነትዎ ሳይገባ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ የምትመኝ፣
ታዛዥዎ ሲስተር የኔነሽ ፍሬው

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያውን በክፍላችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። «ማለስለሻ ኬሚካል የሌለበት የሲሊኮን ቱቦ» ብለው የዕቃውን ዓይነት በግልጽ ስለጻፉበት፣ እናቶች ወረቀቱን እያሳዩ ያንን ቱቦ መጠየቅ ጀምረዋል። ስለ ሕፃናት ደህንነት ከቢሮዎ የወጣ የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ስለሆነ፣ ማኅተሙን አድምቀው ስለመቱበት እናመሰግናለን።