የባለቤቱ ድምፅ ካልተሰማ የማይጠገን ካርድ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ፣
ካይሮ

ስምዎን ያልጻፍኩት ከንቀት እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ፤ በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ስምዎን የጠየቅናቸው ሠራተኞችዎ ሁሉ እንደ ጦር ሜዳ ምስጢር ስለጠበቁት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? በተለይ ጆሮዎን አላህ እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ጆሮ የሌለው ሰው ከእርስዎ ዘንድ ዕቃ መግዛት እንጂ ማስጠገን እንደማይፈቀድለት በራሴ ላይ ደርሶ አይቻለሁና።

ዋጊህ አል-በድራዊ እባላለሁ። በዱምያጥ ለጠራቢዎች የአልጋ ራስጌና የቁም ሣጥን ሐረግ እነድፋለሁ፤ የእጅ ባለሙያ ስለሆንኩም ሰው ኡስጣ ዋጊህ ይለኛል። ከተወለድኩ ጀምሮ አልሰማም። ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ስኳር ዓይኔን እየሸረሸረው ስለመጣ የማየው ነገር ትልቅ ካልሆነ አይታየኝም፤ ስለዚህም ግማሽ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ውስጡም የእርስዎን ገመድ አልባ ካርድ አስገባሁ። ልጄ ረድዋም እንደኔው አትሰማም። ከባሏ ጋር ሙስካት ነው የምትኖረው፤ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ በዚያ ስክሪን ላይ በምልክት እናወራ ነበር። በስልክ ላይ እጆቿ መብራት የሚዞሩ የእሳት እራቶች ይመስሉኛል እንጂ ምን እንደሚሉ አይገባኝም። ይህን ሁሉ የምነግርዎ ስሞታዬ የቅንጦት እንዳይመስልዎ ብዬ ነው።

አንደኛው ስሞታዬ ይህ ነው። በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬ ማንም ሳይጠይቀው ራሱን አደሰና ሲነሳ ዋይፋይ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አላውቅም አለ። የዕቃዎቹን ዝርዝር ስከፍት በእርስዎ ካርድ ስም ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡም ቃለ አጋኖ ተቀምጧል። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ክዳኑን ከፍቼ ካርዱን ነቀልኩ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ መልሼ ሰካሁ። ሱቁ በዋስትና ለወጠልኝ፤ አዲሱም ያንኑ ቢጫ ምልክት ይዞ መጣ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀትዎ ግን ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነበረው፦ ኢንተርኔት ካልሠራ ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት ያውርዱ ይላል። ለዚህ ጥበብ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በፍላሽ አምጥቼ ብጭነው «ይህ ካርድ በኮምፒውተሩ ውስጥ የለም» አለኝ፤ ካርዱ ግን ፊት ለፊቴ ተሰክቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከዚያው ኢንተርኔት ቤት በኢሜይል ጻፍኩልዎ፤ በሰከንድ ውስጥ «በሚገባ ልናዳምጥዎ ስለምንፈልግ እባክዎ ይደውሉ» የሚል መልስ ደረሰኝ። አልሰማም ብዬ ጻፍኩ። ያው መልስ ደረሰኝ።

በዚህ ጊዜ ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ ሲት ሰኒያ አራት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው ስልኩን ያዙ። የስልሳ ስምንት ዓመት እመበለት ናቸው፤ ዋይፋዩም የሚመጣው ከእሳቸው ቤት ነው። የተባባሉትን ሁሉ በካርቶን ላይ በትልልቁ ይጽፉልኝ ነበርና ካርቶኖቹ ዛሬም አሉኝ።

«ባለቤቱ ነዎት?» ሲል ጠየቀ ሠራተኛዎ።

«ጎረቤቱ ነኝ ልጄ። እሱ አይሰማም።»

«ይቅርታ ሐጃ፣ ለደንበኛው ደኅንነት ስንል የባለቤቱን ድምፅ መስማት አለብን።»

«መስማት የተሳነው ነው እኮ ነው የምልህ! በሰው ቋንቋ አይገባህም?»

«ገብቶኛል። እሱ ባይሰማም እኛ እንሰማዋለን፤ ያቅርቡልን።»

አቀረቡኝ። ሟች እናቴ ብቻ ትረዳው በነበረው ድምፄ ስሜን ተናገርኩ። የሲት ሰኒያ ፊት በአንዴ ደም መሰለ፤ ከዚያ ምን እንዳላቸው ሊጽፉልኝ እምቢ አሉ። አስጨነቅኳቸው። በመጨረሻ ጻፉት፦ «የሰከረ ሰው አታቅርቡልን።»

ክቡር ሆይ፣ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ የተጠላሁበትም የተዘበተብኝም ቀን ብዙ ነው። እንደዚያ ካርቶን ግን አፌን በውሃ እስክጉመጠመጥ ድረስ ያዋረደኝ ነገር አላስታውስም።

ሦስተኛ፣ የመታወቂያዬን ፎቶ ልከን ስንለምን ሌላ ሠራተኛዎ በትልቅ ርኅራኄ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ፣ ሁሉም ነገር ይጥፋና እንደ አዲስ ይጫን፤ ካልሠራ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እናነጋግራችኋለን አለ። ታዘዝኩ። በፍላሽ ያላስቀመጥኩት የሁለት ዓመት ንድፍ ጠፋ፤ ከጥፋቱ የተረፈው ቢጫው ምልክት ብቻ ነበር። አምስቱንም የሥራ ቀን ጠበቅኩ፤ ማንም አላነጋገረኝም።

እኔ ስጠብቅ ግን የልጄ ሆድ አልጠበቀም። በዘጠነኛው ቀን ረድዋ ሴት ልጅ ወለደች።

እርስዎ የሚሰሙ ሰው ስለሆኑ ይህን ላያውቁት ይችላሉ፦ እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ የሚጻፈው ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚጠራበት ምልክት ነው፤ እሱም ከሰውየው ከራሱ፣ ከአንድ ከሚታይ ነገሩ ይወሰዳል። ስለዚህ ሰውን ሳያዩ የምልክት ስም አይሰጥም። ረድዋ ከአምስተኛ ወሯ ጀምሮ፣ በሰባተኛው ቀን በዓል ላይ የልጇን ምልክት የምሰጠው እኔ እንደሆንኩ ለዘመዱ ሁሉ ተናግራ ነበር።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ሲት ሰኒያ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊቴ አቆሙልኝ። አጠጋሁት፣ አራቅሁት፣ በንድፍ ማጉያዬ መስታወት አየሁት። የታየኝ በነጭ ጨርቅ ውስጥ ያለ አንድ ሮዝ ነጥብ ነው። እንደ ልማዳችን ሕፃኗን ባስተኙበት ወንፊት ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ እጄን ይጠብቃሉ። እጄን አንስቼ «አይታየኝም» አልኩ። የረድዋ ባል ታላቅ ወንድም፣ ደግ ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሕፃኗን አየና ምልክቱን ሰጠ። ሁሉም ደገሙት። ሲት ሰኒያ አንድ እጃቸውን ከስልኩ አንስተው አሳዩኝ፤ እኔም ደገምኩት።

ሲት ሰኒያ በዚያን ቀን ስልካቸውን ይዘው ወረዱ። በማግስቱ ጠዋት ግን ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ ወጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ደወሉ። ሰዎች እንደሚነግሩኝ የሠላሳ ዓመት ሺሻ ድምፃቸውን የመርከብ አስጫኝ አስመስሎታል።

«ባለቤቱ ነዎት?»

«አዎ፣ ዋጊህ ነኝ!» አሉ።

«ኡስጣ ዋጊህ፣ እዚህ የተጻፈው መስማት እንደተሳነዎት ነው።»

«ዳንኩ። ዛሬ ጠዋት አላህ ፈወሰኝ።»

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ማንነትዎ ተረጋግጧል።»

ክቡር ኃላፊ፣ የእኔን ፊት፣ ፊርማና መታወቂያ የናቀው ደኅንነታችሁ በዚህ ተረጋጋ።

«ስማ አንተ ልጅ፣» አሉ ሲት ሰኒያ፣ «አሥራ ስድስት ቀን አላገጣችሁብኝ። እናትህን ስታስብ እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄ ካርድ ምን ሆኖ ነው?»

ልጁ ድምፁን ቀነሰ። ከዚያ፣ «ኡስጣ፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ ነው። ርካሽ ቺፕ አስገብተው ስሙን ሳይቀይሩ ነው የሸጡት። ድሮ የተጫነው ድራይቨር ለሁለቱም ይሠራ ነበር፤ አዲሱ ይሄኛውን አያውቀውም። ከመጋቢት ጀምሮ እናውቃለን፤ ግን ፎርማት አስደርጉ ተብለናል» አለ።

«እና ምን ይሻላል?»

«ስልክህን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዝ፤ ኢንተርኔት ያውሰዋል። ከቺፑ ላይ ቁጥሩን አንብብና በዚያ ቁጥር ድራይቨሩን ፈልግ። በቃ።»

በቃ! ካርዱን ነቅዬ በማጉያ መስታወቴ ቁጥሩን አነበብኩ፤ በሲት ሰኒያ ስልክ ኢንተርኔት ተውሼ ድራይቨሩን ጫንኩ። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። ቢጫው ምልክት ጠፋ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልኝ ኖሮ፣ አዋላጇ ከመጠራቷ በፊት ይህ ሁሉ ያልቅ ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ ስክሪኑን ከፈትኩ። ረድዋ ሕፃኗን ወደ ካሜራው አስጠጋቻት፤ ፊቷ እንደ በር ሰፍቶ ፊቴ መጣ። የሰጧት ምልክት አገጭ ላይ የምትነካ ጣት ናት፤ አገጯ ላይ በእርግጥ ስርጉድ አለ፣ ምልክቱም ጥሩ ነው። እኔ ያየሁት ግን ግራ ቅንድቧን ነው። ስታዛጋ ብቻውን ወደ ላይ ይነሳል፣ ልክ እንደ እናቴ። እጄ ሳላዘው ወደ ቅንድቤ ሄደ፤ መንገድ ላይ ያዝኩት። የምልክት ስም አንዴ ከተሰጠ አይለወጥም፤ ሰጪውም እንግዳችን ነበር። ፊቴን ያከክሁ አስመሰልኩ።

እንግዲህ ለፍጹም ትዕግሥትዎ፣ ለምስጢር ጠባቂ ሠራተኞችዎና በአንድ ሳጥን ሁለት ዕቃ መሸጥን ለቻለው ብልሃትዎ በአክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ እርስዎም እንደኔ እንዲዳመጡ እመኛለሁ።

የምስክር ወረቀት ሳልይዝ ለአንድ ጠዋት የተፈወስኩት፣
ዋጊህ አል-በድራዊ
ዱምያጥ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከመሥሪያ ቤትዎ በስልክ የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ። ስለ አገልግሎቱ አስተያየቴን ለመቀበል ሦስት ጊዜ ደውላችሁልኝ ስላላነሳሁ፣ በደንቡ መሠረት «ሙሉ በሙሉ ረክቷል» ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ለዚሁ ነው፤ እዚያ ቤት በጽሑፍ የመጣ ነገር እንደማይሰማ ስላወቅሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነብልዎ ይሆናል።